ቃጭል በእጅ መሥራት፦ ብረቱ፣ እሳቱ፣ ጆሮው

(በእጅ ሥራ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ! እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከኋላ የቆማችሁም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ቅረቡ። የዛሬው ነገር ከዓይን ይልቅ ጆሮ የሚፈልግ ነው።

ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ላሰማችሁ። እስቲ ጸጥታ። ይህችን ስሙ። (በእንጨት መታኋት።) ሰማችሁ? «ዷ» አለችና አለቀ። አሁን ደግሞ ይህችን ስሙ። (ሁለተኛዋን መታኋት።) አሁንም አለች... አሁንም አለች... አሁን ሄደች።

ሁለቱን ከፍ አድርጌ ላሳያችሁ። ቁመታቸው አንድ ነው። ከአንድ ላሜራ ነው የተቆረጡት፣ በአንድ ቀን፣ በእነዚሁ እጆች። ታዲያ አንዷ ለምን ድዳ ሆነች? አንዷስ ለምን ዘፈነች? መልሱን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ስለ ሦስት ነገር ላወራችሁ ነው። ስለ ብረቱ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጆሮው። ብረቱን ቶሎ እንለፈው። እሳቱ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ጆሮው ላይ ግን እባካችሁ ታገሱኝ፣ እኔ እዚያ ላይ ወሬዬ አያልቅም።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የቃጭልን አካል ስንጠራ ምን እንላለን? አፍ እንላለን። ከንፈር እንላለን። ውስጧ የሚወዛወዘውን ምላስ እንላለን። አፍ፣ ከንፈር፣ ምላስ! ስም ያወጡላት ሰዎች ዕቃ እየሠሩ እንደሆነ አልተሰማቸውም። ተናጋሪ እየሠሩ ነበር። እኔም ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

እሺ፣ አንደኛ፦ ብረቱ።

ደወል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነሐስ ነው። እውነት ነው፣ ትልልቆቹ እንደዚያ ናቸው። የደወል ነሐስ ከመቶ 78 እስከ 80 እጁ መዳብ ነው፤ የቀረው ቲን ነው፣ ያ ለሽቦ ብየዳ የሚቀልጠው ለስላሳ ብርማ ነገር። ይገርማችኋል፣ መዳብ ለብቻው ለስላሳ ነው። ቲንም ለብቻው ለስላሳ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጠንካራ፣ ጠርቶ የሚጮህ፣ ክፉኛ ከተመታም እንደ ሸክላ የሚሰበር ነገር ይወጣቸዋል። መዳብ ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ ቲን 232 ይበቃዋል። ይህን ቤት ውስጥ ለመሥራት ማቅለጫ፣ ቅርጽ፣ ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጀማሪ አልመክርም።

እኔ የምሠራት በላሜራ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የብረት ላሜራ፣ መቀስ፣ መዶሻ፣ መስፍ፣ ሊማ (ሞረድ)፣ ጥቂት ሪቬት፣ ያ ላሜራን ከላሜራ ጋር የሚያያይዘው፣ ጫፉ በመዶሻ የሚደፈጠጠው ሚስማር። በቃ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቅርጿን አውጡ። መሃሉ ጠበብ፣ ሁለቱ ጫፎች ሰፋ ያሉ ይሁኑ። ወረቀቱን እጠፉት፣ አፉን እዩት፣ ካልጣማችሁ ጣሉት። ወረቀት ርካሽ ነው፣ ላሜራ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ። ከዚያ ላሜራውን መሃሉ ላይ አጥፋችሁ፣ ጎንና ጎኑን አንዱን በሌላው ላይ አንድ ጣት ያህል አደራርባችሁ በሪቬት ትሰፏታላችሁ። አናቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ። ከላይ ማንጠልጠያው፣ ከውስጥ የምላሱ ቀለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ብረት በቀዝቃዛው ሲመታ እየደረቀ ይሄዳል። መጀመሪያ እሺ ይላል፣ ቀጥሎ ያንገራግራል፣ ከዚያ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ያንገራገረ ብረት ላይ መዶሻ አታክሩበት። አግሉት፣ ቀይ ሲሆን አመድ ውስጥ ቅበሩትና ራሱ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ሲወጣ እንደገና ለስላሳ ነው። ይህ የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው። ያንን ግማሽ ቀን ለመቆጠብ ብዬ ስንት ቃጭል እጥፋቷ ላይ እንደሰነጠቅሁ አልቆጠርኩትም።

ሁለተኛ፦ እሳቱ።

ያቺን ድዳዋን አስታወሳችኋት? ታጥፋለች፣ ተሰፍታለች፣ ሪቬቷ ጠብቋል፣ ስታዩዋት ምንም አልጎደላትም። የመጀመሪያዋን እንዲህ ያለች ቃጭል ስሠራ ልጅ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ዘንድ ይዤ ሮጥኩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። አንስተው በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው።

«ምንም አላጠፋህም» አሉኝ። «ግን ሁለት ሆናለች። አንድ አድርጋት።»

አልገባኝም። እጄን ይዘው ጣቴን ስፌቱ ላይ አስቀመጡና እንደገና መቷት። ያኔ ተሰማኝ። ከጣቴ ሥር ላሜራና ላሜራው እርስ በርስ ይፋተጋል። በጣም ትንሽ ነው፤ እንደ ዝንብ ክንፍ። ያቺ ትንሽ ፍትጊያ ግን ድምፁን ሁሉ ትበላዋለች። መዶሻ የሰጣትን ጉልበት ቃጭሏ ወደ አየር ልትለቅ ሲገባት ስፌቷ ውስጥ ታባክነዋለች።

ገባችሁ አይደል? ድዳዋ ገና እሳት ያልገባች ናት። ዘፋኟ እሳት ገብታ የወጣች ናት። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

አሁን እንዴት አንድ እንደምናደርጋት ልንገራችሁ። ቢጫ ነሐስ ታውቃላችሁ፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት። የድሮ የነሐስ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። በሊማ ትሞርዱታላችሁ ወይም ትቆራርጡታላችሁ። ቃጭሏን በደንብ ታጸዳላችሁ፤ ዘይትና ዝገት ካለ ነሐስ አይይዝም። ትንሽ ቦራክስ ትነሰንሳላችሁ፣ ያ ቀልጦ የሚሄደው ነሐስ ብረቱን እንዲይዝ የሚረዳ ነጭ ዱቄት። ቁርጥራጩን በስፌቶቿና በገላዋ ላይ ታደርጋላችሁ፣ እንዳይወድቅ በወረቀት ትጠቀልሏታላችሁ። ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ከውስጥም ከውጭም ታለብሷታላችሁ፣ የአንድ ጣት ውፍረት። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትተዉላታላችሁ። ትተንፍስበት።

ከዚያስ? ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ጭቃው ይድረቅ። ደረቀ ስትሉ ደግሞ አንድ ቀን ጨምሩበት። እርጥብ ጭቃ እሳት ውስጥ ከገባ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፣ ፍሙን ፊታችሁ ላይ ይበትነዋል። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ማንም አይቸኩል።

ወናፉ ይነፋል። ጭቃው መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። እናንተ ቀዳዳዋን ብቻ እዩ። የሆነ ጊዜ ላይ ከዚያች ቀዳዳ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነበልባል ብቅ ይላል። ያ ዚንኩ እየተቃጠለ ነው። ነሐሱ ቀልጧል ማለት ነው! ያኔ በጉጠት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ታገላብጧታላችሁ፣ ቀልጦ የሚሄደው ነሐስ ሁሉንም ስፌት እንዲያገኝ። ትንሽ ታቆዩአታላችሁ፣ ታወጧታላችሁ። ስትቀዘቅዝ ጭቃውን በመዶሻ ነካ ስታደርጉት እንደ እንቁላል ቅርፊት ይከፈላል። ከውስጡ ወርቅማ ነገር ታያላችሁ። ስንት ዓመት ሠርቼ ዛሬም ያን ቅርፊት ስሰብር እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ዘዴ እኔ አላመጣሁትም። ፖርቱጋል ውስጥ አለንቴዦ በሚባለው አካባቢ አልካሶቫሽ የምትባል ከተማ አለች፣ በቃጭል ሥራ የታወቀች። እዚያ ብረቱን በመስፍ ላይ አጥፈው፣ የመዳብ ወይም የቲን ቁራጭ አድርገውበት፣ በጭቃና በጭድ ጠቅልለው ይጋግሩታል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2015 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ የሚሹ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። አስቸኳይ ጥበቃ! ማለትም ሙያው ሊጠፋ ነው። የሚችለው ሰው እያነሰ ነው። ለዚህም ነው ዛሬ እናንተን ሳይ ደስ ያለኝ።

ቀዝቃዛ ውሃ ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አደረጋችሁ። ልክ ናችሁ። ይህ የሚሆነው ለስላሳ ብረት ላይ ነው። የደወል ነሐስ ላይ አትሞክሩት። ሞስኮ ውስጥ የዛር ደወል የሚባለው አለ፣ በ1735 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 200 ቶን ገደማ የሚመዝን። ገና ሳይሰቀል በ1737 የእሳት ቃጠሎ ተነሣ። ደወሉ ጋለ፣ ሰዎች እሳቱን ሊያጠፉ ውሃ ረጩ፣ እሱም ተሰነጠቀ። ከከንፈሩ 11.5 ቶን ቁራጭ ወደቀ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው የለፋበት፣ አንድ ቀን እንኳ ተደውሎ አያውቅም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

አሁን በጣም አስፈላጊውን ልንገራችሁ፣ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ እሳት ውስጥ አታስገቡ። ያ የሚያብረቀርቀው፣ ዝገት የማይነካው ላሜራ ማለቴ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የኛ እሳት ከዚያ በላይ ነው። ጭሱ ነጭ ነው፣ እንደ ጥጥ ይንሳፈፋል። እኔ አንድ ጊዜ ሌላ ላሜራ አጣሁና «አንድ ቀን ምን አለበት» ብዬ በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሠራሁበት። ሥራውን ስጨርስ ደህና ነበርኩ። ማታ ላይ አፌ ጣፋጭ ጣፋጭ አለኝ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። በማግስቱ ማታ ለቀቀኝ። ሕመሙ የታወቀ ነው፣ የብረት ጭስ ትኩሳት ይባላል። ቢጫ ነሐስም ዚንክ አለበት ብያችኋለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ውጭ፣ ሁልጊዜ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ። ቃል ትገቡልኛላችሁ? ድምፃችሁ አልተሰማኝም። ትገቡልኛላችሁ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፦ ጆሮው።

ቃጭሏ ከጭቃ ወጣች፣ ተወለወለች። አለቀ? አላለቀም። ገና አሁን ነው የምትጀምሩት።

ቃጭል ስታቃጭል ምን የምትሆን ይመስላችኋል? ዝም ብላ የቆመች ትመስላለች። ግን አፏ ይንቀሳቀሳል። አንዴ በዚህ በኩል ይለጠጣል፣ አንዴ በዚያ በኩል፤ በአንድ ሰከንድ በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ። ሲለጠጥ ከንፈሯ ላይ አራት ቦታ በኃይል ይርገበገባል። በእነዚህ መካከል ያሉ አራት ቦታዎች ደግሞ ጸጥ ይላሉ። ይህን በዓይናችሁ አታዩትም፣ በጣታችሁ ግን ታገኙታላችሁ። ዘፋኟን በክር ላንጠልጥላት። ልምታት። አሁን ጣቴን እዚህ ላሳርፍ። ቀጥላለች፣ አይደል? እንደገና ልምታትና ትንሽ ወዲህ ልጠጋ። ዝም! ሞተች። ጣቴ ያው ጣት ነው። ቦታው ነው የተለየው።

ቃጭልን የሚነካት ነገር ሁሉ ድምፅዋን ይወስዳል፣ የት እንደነካት እየታየ። ማንጠልጠያዋን አናቷ ላይ የምናደርገው ለዚህ ነው፤ አናቷ ብዙም አይንቀሳቀስም። የምላሷን ቀለበት አናቷ ላይ የምናስረው ለዚህ ነው። ጌጥ ልትሠሩላት ከፈለጋችሁ ከንፈሯን ተዉላት። አንድ ልጅ ከንፈሯ ዙሪያ ቆንጆ ሽቦ ጠምጥሞባት አምጥቶልኝ ነበር። ለዓይን ታምራለች፤ ግን ጉሮሮዋን እንደታነቀች ነበረች። ሽቦውን ስንፈታ ልጁ ራሱ ደንግጦ ሳቀ።

ድምፅዋን ማስተካከልስ? ሁለት ነገር ያዙ። ከከንፈሯ ጫፍ በሊማ ስታሳጥሯት ድምፅዋ ይቀጥናል። የከንፈሯን አካባቢ ግድግዳ ከውስጥ ስታሳሱት ድምፅዋ ይወፍራል። አንድ ሁለት ጊዜ ትሞርዳላችሁ፣ ታንጠለጥላላችሁ፣ ትመታላችሁ፣ ትሰማላችሁ። እንደገና። እንደገና። አንዳንዷ «ው-ው-ው» እያለች የምትወላወል አለች። ያ ግማሽ ገላዋ ከግማሹ ትንሽ ስለሚለይ ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች ይገፋፋሉ። ወፍራሙን ጎን ፈልጋችሁ አሳሱት። ወይም እኔ አንዳንዴ እንደማደርገው ተዉት፤ መወላወሉ የሚያምርባት አለች። ይህን ጆሮአችሁ ይፍረደው።

የኛ ቃጭል አፍ ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ አለ። ቻይና ውስጥ ሁቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር በ1978 እ.ኤ.አ. ከአንድ የጥንት ገዢ መቃብር 65 የነሐስ ደወሎች ወጡ፣ 2400 ዓመት ገደማ የኖሩ። አፋቸው ሞላላ ነው፤ ሁለት ሳህን ፊት ለፊት የተጋጠመ ይመስላል። መሃሉን ስትመቱት አንድ ድምፅ፣ ጎኑን ስትመቱት ሌላ ድምፅ። ከአንድ ደወል ሁለት ኖታ! ሞላላነቱን ነው የተጠቀሙበት። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሞላላ ቃጭላችሁን መሃሏንም ጎኗንም ምቷት። ስሙ። ከዚያ ነገ ንገሩኝ።

የቀረኝ ምላሷ ነው። ስለ ምላስ የተማርኩትን ከእናቴ ነው የተማርኩት።

እናቴ የመጨረሻዎቹን ወራት አልጋ ላይ ነበረች። ድምፅዋ ደክሞ ነበር፤ ስትጣራ ከሌላ ክፍል አንሰማትም። እኔ ቃጭል ሠሪ አይደለሁ? የምችለውን ሁሉ አድርጌ ሠራሁላት። የእንጨት እጀታ፣ የተወለወለ ገላ፣ ለምላስ ደግሞ ወፍራም የቡሎን ራስ፣ ጠንከር ብላ እንድትጮህ ብዬ። ሰጠኋት። መረቀችኝ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቃጭሏ አልተሰማችም። በአራተኛው ቀን ትራሷን ሳስተካክል ከሥሩ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ለምን አትጠሪንም?»

«ቆንጆ ናት ልጄ» አለችኝ። «ግን እምቢ ትለኛለች።»

እጇን አየሁ። እጀታውን ይዛ ታነሳዋለች፣ ግን ያ ከባድ ምላስ እንዲወዛወዝ የሚያደርግ ጉልበት አንጓዋ ላይ የለም። ቀስ ብሎ ይሄድና ከንፈሩ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ተጋድሞ የቀረ ምላስ ደግሞ ልክ እንደ ጣቴ ነው፤ ድምፁን ያፍነዋል። ምላስ ነክቶ ቶሎ መመለስ አለበት። እኔ ድምፅ ከክብደት ይመጣል ብዬ ነበር።

ይህን እኔ ብቻ አልተሳሳትኩትም። ለንደን ያለው ቢግ ቤን፣ 13.7 ቶን የሚመዝነው ደወል፣ በ1859 እ.ኤ.አ. በሐምሌ መደወል ጀምሮ በመስከረም ተሰነጠቀ። መዶሻው ደወል ሠሪዎቹ ይበቃዋል ካሉት ከእጥፍ በላይ ይከብድ ነበር። ለዓመታት ዝም ካለ በኋላ ቀለል ያለ መዶሻ አደረጉለት፣ ያልተጎዳው ጎኑ እንዲመታ ደወሉን ትንሽ አዞሩት። ስንጥቁን እንደያዘ ዛሬም ይደውላል።

እኔም የዚያኑ ቀን ማታ ቡሎኑን አወጣሁ። በቀጭን ሽቦ መንጠቆ አንዲት ትንሽ ዳዶ አንጠለጠልኩ። ዳዶዋ ልክ ከከንፈሩ ትይዩ እንድትመታ ሽቦውን አንዴ አስረዘምኩ፣ አንዴ አሳጠርኩ። ጣት ስትነካት የምትወዛወዝ ሆነች። አልጋዋ ዳር አስቀምጬላት ወጣሁ። ሌሊት ላይ፣ ሁሉም በተኛበት፣ ያቺ ቃጭል ተሰማች። ሮጬ ገባሁ። «እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። «ትሰማ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ይችውና፣ ከኪሴ ናት። ዛሬ ይዣት መጣሁ። ዳዶዋ ያችው ናት፣ ሽቦዋን አንድ ጊዜ ለውጫለሁ። አሁን ከእጅ ወደ እጅ አሳልፏት። ከእጀታዋ ያዟት፣ ከንፈሯን አትንኩባት፣ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ወዝወዝ አድርጓት። የመጨረሻው ረድፍ እስክትደርስ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው እንሄዳለን፣ ወረቀቱም መቀሱም ተዘጋጅቷል።